«አንቺ ልጅ፣ አትነሺም?»

ጥያቄ፦ 29 ዓመቴ ነው። ከባለቤቴ ጋር የምንኖረው ጣፎ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ጠዋት እስከ አያት በታክሲ፣ ከአያት ሜክሲኮ ደግሞ በባቡር እሄዳለሁ፤ ማታም በዚያው እመለሳለሁ። አሁን የ9 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ከባለቤቴ በስተቀር ማንም አያውቅም። አምና አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። ያኔ ገና በሁለተኛው ወር ለሁሉም ተናግሬ ስለነበር፣ በኋላ «እንዴት ነሽ? ስንት ወር ሆነሽ?» ላለኝ ሁሉ መልስ መስጠቱ ከኀዘኑ በላይ ጎዳኝ። ስለዚህ አሁን ሆዴ እስኪታይ ድረስ ዝም ልል ወስኛለሁ።

ጠዋት አያት ላይ ስለምሳፈር ወንበር አገኛለሁ። ባቡሩ ግን ጥቂት ጣቢያ ሳይሄድ ይሞላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሚካኤል ጣቢያ ነጠላ የለበሱ እናት ገብተው አጠገቤ ቆሙ። ያን ቀን ጠዋት አስመልሶኝ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አቀርቅሬ ስልኬን አየሁ። አንድ ሰውዬ «አንቺ ልጅ፣ እናትሽን የሚያክሉ ሴት ቆመው እያየሽ አትነሺም?» አለኝ። አንዷ ደግሞ «የዘንድሮ ልጅ ምን አሳዳጊ አለው!» ብላ ጨመረችበት። እናትየዋ ራሳቸው «ተዉአት፣ ደክሟት ይሆናል» አሉ። ሜክሲኮ ወርጄ አለቀስኩ። በማግስቱ አንድ አባት ሲገቡ ማንም ሳይናገረኝ ተነሣሁ፤ መገናኛን እንዳለፍን ዓይኔ ጨለመብኝ፤ ብረቱን ይዤ ነው የተረፍኩት።

ማታ ደግሞ ወንበር የሚታሰብ አይደለም። በሩ ላይ የሚገተረው፣ ሰው ሳይወርድ ገፍቶ የሚገባው፣ ስልኩን ያለ ማዳመጫ ከፍቶ ቪዲዮ የሚያየው። ባለፈው ሳምንት በአንድ ልጅ ላይ ጮህኩበት፤ ድምፄን ስሰማው የእኔ አልመሰለኝም። ቤት ስገባ ባለቤቴን ላናግረው አልችልም። እሱ «ወይ ለሰው ንገሪ፣ ወይ ባቡሩን ተዪው» ይለኛል። በየቀኑ በራይድ ለመመላለስ አቅማችን አይፈቅድም። ለማላውቃቸው ሰዎች ሁሉ ነፍሰ ጡር ነኝ እያልኩ መሄድ አለብኝ? ወይስ ምን ይሻለኛል?

ስሜ ይቆይ፤ ከጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ልጠይቅሽ። ማታ ማታ የሚያስጮህሽ የልጁ ስልክ ብቻ ነው? ወይስ ጠዋትም ማታም ሰው መሐል ሆነሽ፣ ማንም የማያውቀውን ስጋት ይዘሽ፣ «አሳዳጊ የሌላት» እየተባልሽ መሄድሽ ነው? ደብዳቤሽን ላነበበ ሁለተኛው ይበልጥ የከበደሽ ይመስላል። እንደዚያ ከሆነ በልጁ ላይ በመጮህሽ ራስሽን አብዝተሽ አትውቀሺ። ልጁን ዳግም ብታገኚው ይቅርታ በይውና ይለቅልሽ።

ለማያውቁሽ ሰዎች ነፍሰ ጡር መሆንሽን የመናገር ግዴታ የለብሽም። አምና የሆነብሽን እያወቀ ንገሪ ብሎ የሚያስገድድሽም ሊኖር አይገባም። ያን ዕለት የጎዳሽ ግን ምስጢርሽን መጠበቅሽ ሳይሆን ምንም አለመናገርሽ ይመስለኛል። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲቆም እያየ ዝም ብሎ ስልኩን የሚያይ ወጣት፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ እንደ ንቀት ይቆጠርበታል። ሰውየው አነጋገሩ ክፉ ነበር፤ ያየው ነገር ግን ማንም ሊያይ የሚችለውን ነበር። ስለዚህ ምስጢርሽን ሳታወጪ ዝምታውን የምትሰብሪበት አንድ አጭር ቃል ያስፈልግሻል። ያ ቃል «አሞኛል» ነው። ውሸትም የለበትም፤ ጠዋት ያስመለሳት ሴት አሟታል። ምን እንዳመመሽ የመጠየቅ መብት ያለው ሰው ባቡሩ ውስጥ የለም። አንዷ ጠይቃ ብታደርቅሽ «ይሻለኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለሽ ዝም ማለት ትችያለሽ።

ቃሉን የምትናገሪበት ጊዜ ከቃሉ እኩል ይወስናል። ሰው ከተቆጣ በኋላ «አሞኛል» ስትዪ ሰበብ ይመስላል። እናትየዋ ገብተው ብረቱን ሲይዙ፣ ማንም ሳይናገር፣ ቀና ብለሽ በዓይናቸው እያየሽ «እማማ፣ ዛሬ አሞኝ ነው እንጂ እነሣልዎ ነበር» በያቸው። ቀጥለሽ አጠገብሽ ወይም ፊት ለፊትሽ ወደተቀመጠ ጤነኛ ወጣት ዞር በይና «ወንድሜ፣ እስቲ እማማን አስቀምጥልኝ» በይው። ይህቺን ሁለተኛዋን ዓረፍተ ነገር አደራ እንዳትተያት። ለትልቅ ሰው ወንበር ያስገኘሽው አንቺ ትሆኛለሽ፤ ቁጭ ብለሽም «ኖር» እንዳልሽ ይቆጠራል። ሰውየው ሊቆጣበት የሚችለው ነገርም አይኖርም።

ስትጠይቂ አንድ ሰው ለይተሽ ጠይቂ። «እስቲ አንዳችሁ ተነሡላቸው» ብለሽ ለሁሉም ስትናገሪ ሁሉም ሌላው ይነሣል ብሎ ይጠብቃል፤ ማንም አይነሣም። «አንተ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው ወንድሜ» ስትዪው ግን እምቢ ለማለት ይከብደዋል። ዕቃ ያልያዘ፣ ያልተኛ፣ ልጅ ያላቀፈ ሰው ምረጪ። እሱም እምቢ ካለ ክርክር አትግጠሚ፤ ቀጥሎ ያለውን ጠይቂ። ምናልባት እሱም እንዳንቺ የማይታይ ሕመም ይኖርበት ይሆናል።

ሌላው፣ ተቀምጠሽ ስትሄጂ ከፊትሽ የቆሙ ትልቅ ሰው ፌስታል ወይም ዘንቢል ይዘው ከሆነ «ዕቃውን ልያዝልዎ» በያቸው። የአዲስ አበባ ተሳፋሪ ይህን ልማድ ገና አልተወውም፤ ብዙ ቁጣም ያበርዳል። ከባድ ከሆነ ጭንሽ ላይ አታድርጊው፤ እግርሽ ሥር አስቀምጪው።

አሁን ወደ ዓይንሽ መጨለም ልምጣ፤ ከወንበሩ ጉዳይ ይልቅ ይህ ያሳስበኛል። በእርግዝና መጀመሪያ ወራት የደም ሥሮች ስለሚላሉ የደም ግፊት ዝቅ ይላል። ሳይንቀሳቀሱ ሲቆሙ ደም ወደ እግር ይወርድና ወደ ራስ የሚደርሰው ይቀንሳል። በዚህ ላይ ሙቀት፣ መታፈግና ባዶ ሆድ ሲጨመር ሰው ይወድቃል። ስለዚህ ከቤት ባዶ ሆድሽን አትውጪ። ከአልጋ ሳትነሺ ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ብስኩት ብትቀምሺ ማቅለሽለሹንም ይቀንስልሻል፤ ቦርሳሽ ውስጥ ቆሎና የውኃ ጠርሙስ አይጥፋ፤ ውኃውን በአንዴ ሳይሆን ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጠጪ። ጾመኛ ከሆንሽ ጉዳዩን ለሃይማኖት አባትሽ ብቻ ነግረሽ ምክር ተቀበዪ፤ እስከ ቀትር በባዶ ሆድ እየዋልሽ ይህን መንገድ አትችዪውም።

መቆም ግድ ከሆነ የምትቆሚበትን ቦታ ምረጪ። ባቡሩ ተጋጥመው የሚሄዱ ክፍሎች ስላሉት፣ መጋጠሚያው ላይ ወለሉ በየመታጠፊያው ስለሚዞር አትቁሚበት። በሩ ፊትም ግፊያው ያገኝሻል። ጀርባሽን ግድግዳ ወይም የወንበር ጠርዝ አስደግፈሽ፣ እግርሽን ከፈት አድርገሽ፣ አንዱን ትንሽ አስቀድመሽ ቁሚ። ከላይ በተንጠለጠለው መያዣ ፈንታ ቋሚውን ብረት በደረትሽ ቁመት ያዢ፤ ባቡሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ የሚያድንሽ እሱ ነው። ቆመሽ ሳለ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ እያደረግሽ ባትሽን አሠሪው፤ ደሙን ወደ ላይ ይገፋልሻል።

መውደቅ ሲመጣ አስቀድሞ ይናገራል። ቀዝቃዛ ላብ፣ ማዛጋት፣ የጆሮ መጮኽ፣ የዓይን መጨለም ይቀድመዋል። ከእነዚህ አንዱ ሲሰማሽ እስከሚቀጥለው ጣቢያ ልቻለው አትበዪ። ወዲያው እግሮችሽን አጣምረሽ ጭንሽን አጥብቂ፣ ጣቶችሽን ጨብጪ፤ ከዚያም ጮክ ብለሽ «አዞረኝ!» በይ። ይህ ቃል ማብራሪያ አይፈልግም፤ አበሻ «አዞረኝ» የሚል ሰው ቆሞ አያይም። ወንበር ባይገኝ እንኳ ወለሉ ላይ ቁጭ በይ፤ ቀሚስሽ ይቆሽሽ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደሽ ጣቢያው ላይ ተቀምጠሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ፣ ውኃ ጠጪ፣ ሲሻልሽ በሌላ ባቡር ሂጂ። አርፍዶ መግባት ራስን ስቶ ብረት ላይ ከመውደቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ላረጋጋሽ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከሚወርዱ ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚወርዱት በፅንሱ የክሮሞሶም ጉድለት ምክንያት ነው። እናትየዋ ቆማ ስለሄደች ወይም ስለተጋፋች የሚመጣ አይደለም። ምናልባት አምና የሆነውን «ያኔ ባቡር ላይ ባልቆም ኖሮ» እያልሽ ታስቢው እንደሆነ፣ ያን ከራስሽ ላይ አውርጂው። አሁን የምንጠነቀቀው እንዳትወድቂ ነው።

የማታውን ጉዞ በተመለከተ፣ ሜክሲኮ ላይ ለምን እንዲህ እንደሚጨናነቅ ማወቁ ንዴቱን ትንሽ ያቀለዋል። ከልደታ እስከ ስታዲየም ባለው መንገድ ሁለቱም መስመሮች በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ፤ የአያትም የቃሊቲም ተሳፋሪ በአንድ ጣቢያ ይጠብቃል። ስታዲየምን እንዳለፉ ይለያያሉ። ስለዚህ ባቡር በመጣ ቁጥር ግማሹ ሰው በሩ ላይ ቆሞ «የአያት ነው? የቃሊቲ ነው?» ይላል፤ የሳተውም ስታዲየም ሳይደርስ ልውረድ ብሎ ከበሩ አይርቅም። አንቺ ከሩቅ ከፊቱ የተጻፈውንና ቀለሙን አይተሽ ወስኚ፤ አረንጓዴው የአያት መስመር ነው፣ ሰማያዊው የቃሊቲ።

በር ላይ የሚገተረውም ሰው አመለ ቢስ ሆኖ ብቻ አይደለም። ወደ ውስጥ ከገባ መውረጃው ሲደርስ እንደማያሳልፉት ያውቃል። የማያሳልፉት ደግሞ የሚሳፈረው ሰው ወራጁን ስለማይጠብቅ ነው። የሚሳፈረውም የማይጠብቀው ይህ ባቡር ካመለጠው የሚቀጥለው መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። መስከረም 2008 ሥራ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ፤ ከእነሱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት ቆመዋል። የጎደለውን ባቡር በተሳፋሪ ጨዋነት ማሟላት አይቻልም፤ ይህን ማወቅ ያለብሽ አጠገብሽ ያለው ሰው ሁሉ ጠላትሽ እንዳይመስልሽ ነው።

በዚያ መሐል ማድረግ የምትችዪው ይህ ነው። ባቡሩ ሲቆም ከበሩ ፊት ሳይሆን ከበሩ ጎን ቁሚ፤ የሚወርደው ሰው መንገድ ሲያገኝ ቶሎ ያልቃል፤ የመጨረሻውን ወራጅ ተከትለሽ ግቢ። ከገባሽ በኋላ ከበሩ ራቂና ወደ ውስጥ እለፊ፤ አንቺ የምትወርጂው መጨረሻው ላይ ነው፤ በሩ ጋ የሚያቆይሽ ምንም ነገር የለም። ጠዋት ሜክሲኮ ስትወርጂ ግን ለገሃር ላይ መንቀሳቀስ ጀምሪ፤ ከፊትሽ ያለውን «ሜክሲኮ ይወርዳሉ?» ብለሽ ጠይቂ። የሚወርድ ከሆነ ከኋላው ትከተያለሽ፤ የማይወርድ ከሆነ ቦታ ይቀያየርሻል። «ዞር በል!» ከማለት ይህ ጥያቄ ብዙ መንገድ ይከፍታል።

ወንበር የምታገኚበት አንድ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ጊዜ ያባክናል ብሎ ይተወዋል። ከሥራ ስትወጪ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ባቡር ያዢ። አራት ጣቢያ ነው፦ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፣ ኮካ ኮላ፣ ጦር ኃይሎች። እዚያ መነሻው ስለሆነ ባቡሩ ባዶውን ይቆማል። ወርደሽ አዲስ ትኬት ቁረጪ፤ ባለሽበት ተቀምጠሽ ልመለስ ብትዪ ከተቆጣጣሪ ጋር ያከራክርሻል። ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ይወስድብሻል፤ ግን እስከ አያት ተቀምጠሽ ትሄጃለሽ። በጣም የደከመሽ ቀን ይህን አድርጊ። ሌላው አማራጭ ሰዓት መቀየር ነው፦ 11፡30 ከምትወጪ 10፡30 ብትወጪ ወይም ቢሮ ቆይተሽ 1፡00 ሰዓት ካለፈ በኋላ ብትሳፈሪ ሰዉ ይቀንሳል።

ስለ ስልኩ አጭር ልሁን። ድምፁ ራስሽን ካላመመሽ ተዪው፤ ካመመሽ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «ወንድሜ፣ ራሴን አሞኛል፣ ትንሽ ቀንስልኝ» በይው። ዝጋው አትበዪው፤ ቀንስልኝ ሲባል የሚቀንስ ሰው ዝጋው ሲባል ይገትራል። ስለ ትውልዱ፣ ስለ አስተዳደጉ አንድም ቃል አትጨምሪ፤ አንቺ ራስሽ «አሳዳጊ የሌላት» ስትባዪ ምን እንደተሰማሽ ታውቂዋለሽ። እምቢ ካለ ቦታ ቀይሪ። ከመጠጥ የመጣ ከመሰለሽ ግን ጭራሽ አታናግሪው።

ግፊያውን ተገን አድርጎ እጁን የሚሰድድ ሰው ካጋጠመሽ ግን በዝግታ አትናገሪ። ሰው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «እጅህን አንሣ!» በይ፤ ቦርሳሽን በመሐከላችሁ አስገቢ፤ ከሴቶች አጠገብ ቁሚ፤ ስትወርጂም ለጣቢያው ጥበቃ አሳዪው።

ባለቤትሽ ባቡሩን ተዪው ማለቱ ከፍቅር ነው። ግማሹን ሐሳቡን ልትቀበዪው ትችያለሽ። ጠዋት ከባቡሩ የሚሻል ያለ አይመስለኝም፤ መነሻው ላይ ነው የምትሳፈሪው፣ ወንበር አለሽ፣ ጉድጓድ አያንገጫግጭሽም። ማታ ግን ከሜክሲኮ መገናኛ፣ ከመገናኛ አያት በሚኒባስ መሄድ ይቻላል፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ግን ከገባሽ ተቀምጠሽ ነው። ከኋላ ወንበር ይልቅ መሐል ያለውን ያዢ፤ ኋላው ይበልጥ ያንገላታል። ሰልፉ ላይም ቢሆን «አሞኛል» ብለሽ ተራ አስከባሪውን መጠየቅ አያሳፍርም። ራይዱን ለሚያስመልስሽና ለሚያዞርሽ ቀን ብቻ ብታስቀምጡት ወጪውም አይከብዳችሁም። ማታ ስትገቢ ደግሞ ማውራት ካቃተሽ፣ «ትንሽ ልረፍ፣ ከዚያ እነግርሃለሁ» ማለቱ ብቻውን ለእሱ ይበቃዋል። ምስጢርሽን የሚያውቀው እሱ ብቻ ስለሆነ ዝምታሽ ከሌላው ሰው ይልቅ እሱን ያስጨንቀዋል። አንዳንድ ማታ አያት ጣቢያ መጥቶ ቢቀበልሽስ? ይህን አንቺ ብትጠይቂው ደስ የሚለው ይመስለኛል።

«ለሰው ንገሪ» የሚለው ግን ሁሉንም ሰው ማለት መሆን የለበትም። ሁለት ሰው ይበቃል። አንደኛዋ ነርሷ ወይም አዋላጇ ናት። 12 ሳምንት ሳይሞላሽ አቅራቢያሽ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄደሽ ክትትል ጀምሪ፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው። አምና የሆነውንና ባቡር ላይ ያዞረሽን ሁለቱንም ንገሪያት፤ የደም ግፊትሽንና የደም ማነስ ይኖርብሽ እንደሆነ ታይልሻለች፤ አይረንና ፎሊክ አሲድም ትሰጥሻለች። ደም ካየሽ፣ ሆድሽን አጥብቆ ካመመሽ ወይም ራስሽን ስተሽ ከወደቅሽ ቀጠሮ ሳትጠብቂ በዚያው ሰዓት ሂጂ።

ሁለተኛው ሰው ቢሮሽ ውስጥ የምታምኚው አንድ ኃላፊ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 88 መሠረት፣ ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜ በደመወዝ የሚከፈላት ፈቃድ ነው፤ አሠሪው የምርመራውን ማስረጃ ሊጠይቅ ይችላል። ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድም ተቀምጦልሻል። የመግቢያ ሰዓት መቀየር ግን በሕጉ የተጻፈ ሳይሆን በስምምነት የሚገኝ ነው። ስለዚህ ስትጠይቂ የተዘጋጀ ነገር ይዘሽ ሂጂ፦ «ለሚቀጥሉት ሁለት ወራት ጠዋት 1፡30 ገብቼ 10፡30 ልውጣ፤ የወሩ መዝጊያ ሒሳብ ሲሆን እቆያለሁ፤ ጉዳዩም በእኛ መካከል ይቆይልኝ» በይ። ከጤና ጣቢያው የሚሰጥሽን ወረቀት አንድ ኮፒ አድርገሽ ለእሱ ብቻ ስጪ፤ ዋናው ከአንቺ ጋር ይቅር።